አሮጌ ብረት ስንቀበል
በሞጣ በተደረገው የቢቸናና የሞጣ ቡድኖች የጋራ ስብሰባ ላይ ከቢቸና ቡድን የሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር

የሞጣ እኅቶቻችን ገና ከመኪና ስንወርድ በቡና ስለተቀበላችሁን እናመሰግናለን። የሒሳብ ሠራተኛ ለንግግር ስትነሣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እንደሚያይ እናውቃለን። አይዟችሁ፣ ስለ ደረሰኝ የምንናገረው ወደ መጨረሻው ነው። የመጣንበት ጉዳይ ብረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞጣ ቡድን ባለፈው ወር በጻፈልን ደብዳቤ፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎቻችን ያገለገለ የስፖርት ዕቃ ሊልኩ ማሰባቸውን ገልጾ፣ «የተላከውን ሁሉ እንቀበል ወይስ ከቁጠባችን ቆርሰን አዲስ እንግዛ?» ሲል ጠይቆናል። እኛ ቢቸና ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በሦስት አባሎቻችን ግቢ አሮጌ የስፖርት ዕቃ ስንፈታ፣ ስንፍቅ፣ ስንቀባ ስለቆየን ነው ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው። መልሳችንን ሳናጓትት እንናገር፦ ብረቱን ተቀበሉ፣ ሞተር ያለበትን ተዉት፣ የብድር ገንዘቡን ግን አትንኩ። ቁጠባችን ተዘዋዋሪ ብድር ነው። ከዚያ ላይ አንድ አዲስ ማሽን ቢገዛ ለእህል ንግድ፣ ለዶሮ፣ ለልብስ ስፌት መኪና ተራ የሚጠብቁ አባላት ተራቸው ወደ ኋላ ይገፋል። ይህንን የምንለው ዕቃውን ስለናቅነው አይደለም፤ ያለ ብድሩም ሊገኝ እንደሚችል ስላየን ነው።

መጀመሪያ ግን ከእናቶቻችን በኩል የሚነሣውን ነገር እንመልስ። ሥራውን ስንጀምር አንዲት ታላቃችን ቆም ብለው አይተውን፣ «እኛ እንስራና እንጨት ተሸክመን ያረጀን ሰዎች፣ ደግሞ ብረት ልታሸክሙን ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከምንጭ ውኃ የምትቀዳ፣ ከወንዝ ማዶ እንጨት የምታመጣ ሴት ብረት አንሺ ብትባል ስድብ ነው የሚሆንባት፤ እሷ የሚያስፈልጋት ዕረፍት ነው። እኛ የምናወራው ስለ ሌሎቻችን ነው። ቢሮ ተቀምጠን የምንውለው፣ ሱቅ የምንጠብቀው፣ ስፌት ላይ ቀኑን የምንገፋው ቁጥራችን በሁለቱም ከተማ ቀላል አይደለም። ከመካከላችን ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አሉ፣ ወገባቸው የታሰረ አሉ፣ ዕድሜ ሲገፋ አጥንታቸው የሚሳሳም እንደዚሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚያም ሌላ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። የመጀመሪያውን በእግራችን ገበያ ስንሄድ እንሞላው ይሆናል። ሁለተኛውን ግን ተቀምጣ የምትውል ሴት ከየትም አታገኘውም።

በጎረምሶቹ ጂም ሂዱ የሚለን ይኖራል። ሄደን አይተነዋል፤ አንነቅፈውም። የቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቱቦ አገናኝተው፣ ከምንም ተነሥተው የሠሩት ነው። ነገር ግን ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ብረት ስትገፋ የሚከተላትን ወሬ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወሬውን እስክናሸንፈው ድረስ ጓሯችን ይሻለናል።

የሲሚንቶው ነገር ከተነሣ አንድ ሒሳብ እንጣልበት። አንድ ሊትር ኮንክሪት 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 5 ሊትር የቀለም ጣሳ ሲሞላ ወደ 12 ኪሎ፣ ባለ 1 ሊትሩ ከ2 ኪሎ ትንሽ በለጥ ይላል ማለት ነው። ለጀማሪ ሴት ትንሹ ይበቃታል። ሁለቱን ጎን በእህል ሚዛን እያስተያዩ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከበለጠ ወገብ ይጠመዝዛል። ጣሳው ከቱቦው እንዳይሾልክ ጫፉ ላይ ቡሎን ማሳለፍ ነው። የውኃ ቱቦ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደት ሲበዛበት ይጎብጣል፤ ከ20 ኪሎ በላይ ለማንሣት ድፍን ብረት መፈለግ ይሻላል። ይህ እንግዲህ ዕቃ ከየትም ላልመጣለት ሰው ነው። ደግሞ «ብረት የወንድ ነው» ለሚሏችሁ ይህንን ንገሯቸው፦ የሴቶች ክብደት ማንሣት በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ ገብቷል፤ ሴቶች የሚያነሡበት ዘንግም ለብቻው ተለይቶ የተሠራ ነው። የወንዶቹ 20 ኪሎ ሲሆን የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው፤ ውፍረቱም ከ28 ወደ 25 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ለእጃችን ይስማማል።

አሁን ወደ አሮጌው ዕቃ እንሂድ።

አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ላሜራው ባልዲ ሲሆን ስለተመለከተ የተጣለ ብረት አያስደንቀውም። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውም የሚሰበስበው ለዚያ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ብረት የነካ እጅ ክፉ ስም ሲሰጠው ኖሯል። ቀጥቃጩንም ሸክላ ሠሪዋንም በሰው ዓይን አሳንሰን ማረሻውን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን ከእነሱ እንገዛለን። በሥራችን መጀመሪያ ካቻቢቴ ይዘን ጓሮ ስንቀመጥ የሣቁብን ሰዎች ከዚያ የተረፉ ናቸው ብለን እናስባለን። ይህንን በዚሁ እንለፈው፤ ብዙ ያናግራል።

አሮጌ ዕቃ ሲመጣ ቀለሙን አትመኑ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ደግሞ ይበልጥ አትመኑ። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ጥቁር ቀለሙ የሚያብረቀርቅ የመተኛ ወንበር፣ ቤንች የሚሉትን፣ ይዞልን መጣ። ዋጋውም ደኅና ነበር። ከተሰበረ የራዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነበረንና በእግሮቹ ላይ ስናስሄደው ሌላው ቦታ ላይ ጥብቅ እያለ የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ላይ ወደቀ። በጥፍር ፋቅ ስናደርገው ስቱኮ ነው። ሥሩ ያለው ቱቦ በዝገት ተበልቶ እንደ እንጀራ ዓይን ሆኗል። ሻጩ ራሱም ያወቀ አይመስልም ነበር፤ ለማንኛውም ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። ያ ወንበር ላይ ጀርባዋን ጥላ፣ ከአንገቷ በላይ 30 ኪሎ የያዘች እናት ብትኖር ምን ይሆን እንደነበር እናንተ አስቡት።

ስለዚህ ማግኔት ይኑራችሁ። ቀጥሎ ጆሮ ነው። ከቀለጠ ብረት የተሠራውን ክብ ክብደት በገመድ አንጠልጥላችሁ በእንጨት ምቱት፤ ደኅናው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው እንደ ቅል ድው ይላል። እንዲህ ያለውን ብረት ተራ ብየዳ አይዘውም፣ ከበየዱት አጠገቡ እንደገና ይሰነጠቃል፤ በር ማቆሚያ አድርጉት። ዘንጉን ደግሞ ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት፤ ከጎበጠ እየዘለለ ይሄዳል። የሚጎተት የብረት ገመድ ያለው ማሽን ከሆነ ገመዱን በጨርቅ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት። ጨርቁን የያዘ ክር ካለ ገመዱ አልቋል። የብረት ገመድ አይቋጠርም፣ አይበየድም፤ ይቀየራል። ለዚህ ገንዘብ ከሌለ ማሽኑ ገንዘቡ እስኪገኝ ይቀመጥ።

ዕቃው ካለፈ በኋላ ፈትቶ መፋቅ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉ በላይ የምናሳስባችሁ ነገር እዚህ ነው ያለው።

የቆየ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን የእርሳስ መጠን በ90 ፒፒኤም የሚወስነው ደንብ የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕቃ ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይለይም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ በነፍሰ ጡር በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። እኛ ሴቶች ደግሞ ጓሮ ስንሠራ ልጅ ከአጠገባችን አይጠፋም፣ አንዷ አዝላ ነው የምትመጣው። ስለዚህ በቢቸና የደነገግነው ይህ ነው፦ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ልጅ ያዘለች ሴት የፍቅፋቂ ቀን አትመጣም። እሷ የምትመጣው ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ፣ ለመግጠም ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከርን ነው የምንፍቀው፤ ደረቁን ከፋቁት አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ነጠላ አፍ ላይ ማሰር ደግሞ ያንን አያግደውም። ቀለሙን በእሳት አናቃጥልም። ፍቅፋቂው ላስቲክ ላይ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ጎመኑ መደብ አይደፋም። እጅ ሳይታጠቡ ቆሎ መዝገን የለም። የዕለቱ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም።

ዝገቱን በአቼቶ እናስለቅቃለን። የላስቲክ ሳፋ ውስጥ ትንንሹን ክፍል ዘፍዝፎ አንድ ቀን ከሌሊቱ ማሳደር ነው። በማግሥቱ በብረት ብሩሽ ሲያሹት ጥቁሩ ይለቃል። ከዚያ ሶዳ በበጠበጡበት ውኃ ማለቅለቅ፣ ወዲያው መወልወል፣ ፀሐይ ላይ ማዋል፤ ጀምበር ሳትጠልቅም ዘይት ወይም ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት። ካደረ መልሶ ይዝጋል። ሳፋው ከእንግዲህ ወደ ማድቤት አይመለስም።

አደራችንን ግን አቼቶውና በረኪናው አይገናኙ። እኛ ያላጠራነው ነገር ሁሉ ላይ በረኪና መጨመር ልማዳችን ነው። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ያቆስላል። በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ለሕይወትም ያሰጋል።

የሚያብለጨልጨውን ክፍል፣ ክሮም የተነከረውን፣ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ ልባሱ ስስ ስለሆነ ይገፈፋል። የአልሙኒየም ወረቀት ጨምድዳችሁ፣ ውኃ አርሳችሁ ማሸት ይበቃዋል። አልፈታ ያለ ቡሎን ላይ ነጭ ጋዝ አንጠባጥባችሁ አሳድሩት፤ ቁጡ ሰው እንደሚባለው ነው፣ ሲያድር ይበርዳል። የተበላውን ስትቀይሩ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ፤ ያ የጥንካሬው ቁጥር ነው። ቀለም መቀባትን ከመስከረም እስከ ግንቦት አድርጉት፤ በክረምት የተቀባ ቀለም በእኛ ደጋ አይደርቅም። በክረምት ደግሞ ዕቃው ከአፈር ወለል ከፍ ብሎ ጣውላ ላይ ይቀመጥ።

ባለበት የሚዞረው ብስክሌት ብዙ ጊዜ የሚጣለው «ይጮኻል» ተብሎ ነው። የሚጮኸው ኩሽኔታው ነው። አውጥታችሁ ጎኑን ብታጠቡት ቁጥር ተቀርጾበት ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 6203 የሚለው ውስጡ 17፣ ውጭው 40፣ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ ማንም ይሥራው ማን ልኩ አንድ ነው። ቁጥሩን ይዞ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ነው። «ለሴቶች ስፖርት ነው» ብላችሁ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እኛ እንዳየነው ባለሱቁ ቁጥር ጠርታ የምትገዛ ሴት ላይ ዋጋ መጨመር ይከብደዋል።

የመተኛ ወንበሩ ስፖንጅ ያረጀ ከሆነ ይጣል፤ ለፍራሽ የሚሆነው ለስላሳ ስፖንጅ እዚህ አይሆንም፣ ጠንከር ያለውን ፈልጉ። ልብሱን ለመስፋት ባለሙያ አንፈልግም፤ ልብስ ሰፊ አባላት አሉን።

ብየዳውን ግን ለበያጅ ስጡ። ተበይዶ ሲመጣ ደግሞ በላዩ ለመተኛት አትቸኩሉ። እኛ እንዲህ እናደርጋለን፦ ወንበሩ ላይ ሁለት ኩንታል እህል ጭነን እናሳድረዋለን። ከባዷ አባላችን ከምታነሣው ብረት ጋር 120 ኪሎ አትሞላም፤ 200 ኪሎ ተሸክሞ ያደረ ወንበር እሷን ይችላል። ጠዋት ኩንታሎቹን አውርደን መገጣጠሚያዎቹን በእጅ ዳሰን፣ በዓይን አይተን፣ ስንጥቅ ከሌለ እንፈርማለን። አዎ፣ በፊርማ ነው። ማን እንደፈተሸው፣ መቼ እንደፈተሸው መዝገብ አለ። በየሦስት ወሩም ይደገማል።

ዕቃው ደኅና መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ ሰውነቱም ደኅና ይሁን። የማኅፀን መውረድ ያለባት እኅት፣ በቅርብ የወለደች፣ ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊቷ ያልተስተካከለ፣ ብረት ከመንካቷ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ። የመጀመሪያውን ነገር ብዙዎቻችን በኀፍረት ደብቀነው ስለምንኖር ነው በሕዝብ ፊት ስሙን የጠራነው። ቢቸና ላይ በዚህ ምክንያት ብስክሌቱን ብቻ የሚነዱ አባላት አሉ፤ ማንም ለምን አይላቸውም።

አሁን ደረሰኙ።

በሒሳብ መዝገብ አንድ ዕቃ በየዓመቱ እርጅናው እየተቀነሰ ዋጋው ዜሮ ይደርሳል። ትልልቅ ቤቶች ዕቃቸውን የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ብረት ግን መዝገብ አያነብም። በመዝገብ ዜሮ የሆነ 10 ኪሎ ክብደት ዛሬም 10 ኪሎ ነው፣ ልጃችን ስታነሣውም 10 ኪሎ ይሆናል። ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ዕቃ ግን መዝገቡ እንዳለው ያረጃል፤ የምንለያቸው በዚህ ነው።

በስጦታ የመጣ ዕቃ «በነፃ» ተብሎ አይጻፍ። በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ተገምቶ በስጦታ ገቢነት ይመዝገብ። የዕቃውን ዕድሜ የሚያራዝም ትልቅ ጥገና ከዋጋው ላይ ይደመር፤ ግራሶ መቀባትና ቡሎን ማጥበቅ ግን የወሩ ወጪ ነው። ጥገናው ተመሳሳይ ደኅና ዕቃ ከሚያወጣው ከግማሽ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ አንጀምረውም። የሦስቱ ዕቃዎቻችን ዝርዝር በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። በመጨረሻው ረድፍ ያለውን ቁጥር ግን ተመልከቱት፤ ሰዓት ነው። ብስክሌቱ 26 ሰዓት ወስዷል፣ ሁሉም የአባላት ጉልበት ነው፣ አንድ ሳንቲም አልተከፈለበትም። ደጋፊዎቻችን «በትንሽ ገንዘብ ተሠራ» ብለው ሲያመሰግኑን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ትንሽ የሆነው ገንዘቡ እንጂ ሥራው አይደለም። ሴት በጓሮዋ የምትሠራው ሥራ መዝገብ ላይ ሳይወጣ ሲቀር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እኛ ይህን ረድፍ የጨመርነው ኦዲተር ጠይቆን አይደለም።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለውን ሰባራ ድልድይ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖሮ፣ በ1994 ዓ.ም. ጥገና ሲደረግለት የጠገኑት ሰዎች ደኅናውን ድንጋይ አላፈረሱትም፤ ክፍተቱ ላይ ነው ብረት የዘረጉት። ያንን ሥራ እንወደዋለን፤ ክፍተቱ የት እንደሆነ ለክተው ነው የመጡት።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ እናንተም እንዲሁ ለክታችሁ ላኩልን። ትሬድሚል የሚባለውን የመሮጫ ማሽን አትላኩ። ከአሜሪካ የሚመጣው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የእኛ መብራት 220 ነው፣ ሳይታወቅ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ደግሞም መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም ማሽን ምን ይሠራልናል? መሮጫ መንገድ አለን። ክብደት ስትልኩ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር ጻፉልን፤ የውድድሩ 50 ነው፣ የቤቱ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ሰፊው በቀጭን ዘንግ ላይ ይወዛወዛል። ብስክሌት፣ ዘንግ፣ ትንንሽ የእጅ ክብደት፣ የመተኛ ወንበር እንፈልጋለን። ቀለም ሳትቀቡ፣ እንዳለ ላኩት። ዝገቱን ማየት እንፈልጋለን።

ለሞጣ ቡድን ደግሞ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ መጋዘኑ ጥግ ተደግፎ ያያችሁት ብስክሌት የእናንተው ነው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቆሟል ብላችሁናል። ቁልፎችና ነጭ ጋዝ ይዘን መጥተናል። ከምሳ በኋላ ጓሮ አውጥተን እንፈታዋለን፣ የኩሽኔታውን ቁጥር ዛሬውኑ እናነባለን። የምትሳሱለት ቀሚስ የለበሳችሁ ካላችሁ ቀይራችሁ ኑ። ቀለሙን ዛሬ አንነካውም፣ ልጆች አሉ።